አማቴ ገብተው ያዩልኝ ገዳም

ልጅ ሆኜ እናቴ ደሴ ፒያሳ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ቤቱ ፎቅና ምድር ነው። የእንጨት ሰገነት አለው፤ ሰው ሲራመድበት ሲጢጥ ይላል። በአልጋዬ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለሙ ይላላጥ ነበር። አረንጓዴው ሲነሳ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲነሳ ደግሞ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ብቅ ይላል። በምስማር እየፋቅሁ እናቴን "ቢጫውን ማን ቀባው?" እላታለሁ። "አከራዩ ሳያዩሽ ተይ!" ትለኛለች።

አከራዩንም ጠየቅኋቸው። ከሳቸው በፊት ማን እንደኖረበት አያውቁም። "ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። ምን እንደሚያደርግልኝ ያኔ አላወቅሁም፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ያረጀ ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አድጌ ልብስ ስፌት ተማርኩ። አሁን እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ትንሽ የስፌት ቤት አለኝ። እሁድ እዘጋና የድሮ ቤት፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ የድሮ መስጊድ፣ አጥሩ የፈረሰ መቃብር ፍለጋ እወጣለሁ። የታሪክ መጽሐፍ ካገኘሁ ተውሼ አነባለሁ፤ ካላገኘሁ ሽማግሌ እጠይቃለሁ። ጦርነቱ ደሴን ከነካት በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ያረጀ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር 'ለከርሞ አገኘው ይሆን?' የሚል ስጋት ይይዘኛል። ባለቤቴ ለጓደኞቹ "የሰው ሚስት እሁድ ዘመድ ትጠይቃለች፣ የኔዋ ድንጋይ ትጠይቃለች" እያለ ያስቅብኛል።

ባለቤቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ወሎ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሁለታችንም ዘር ውስጥ ብትቆፍሩ ሁለቱም አለ። አባቱ ግን አልወደዱትም። ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዶ ቆላው ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ቃላቸው አጭር፣ ቁመታቸው ረጅም። ለሠርጋችን "አሞኛል" ብለው ቀሩ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ደሴ ለጉዳይ ሲመጡ በር ላይ ቆመው ሰላም ብለውኝ ይሄዳሉ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ለልጃቸው "ያች ሰው ደህና ናት?" ይሉታል። ያች ሰው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት መኸር ሲያልቅ ባለቤቴ ሊጠይቃቸው ወደ ቆላ ወረደ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፊት ለፊታቸው ሄዶ ቆመ፤ ነገሩን እንደ ጨዋታ አስቦት ቃል ሳይተነፍስ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። አባቱ ቀና አሉና "ማነህ አንተ? ከየት ነህ?" አሉት። የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ኖሯል። ሰውን በድምፅ እየለዩ፣ መንገዱን በእግራቸው እያስታወሱ፣ ስንት ጊዜ ለማንም ሳይናገሩ እንደቆዩ አላህ ይወቅ። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ እራት አልበላም። "አባቴ አላወቀኝም" ብቻ አለኝ።

ደሴ አመጣናቸው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን በአንደኛው ዓይን ሠራላቸውና ሁለተኛውን ከሳምንታት በኋላ እንደሚሠራ፣ እስከዚያ ከከተማ እንዳይርቁ ነገረን። እኛ ቤት ሊሰነብቱ ነው። አዲስ ድስት ገዛሁ። "አባባ፣ ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋውም ከእስላም ሉካንዳ ነው፣ ልጅዎ ራሱ ነው የገዛው" አልኳቸው። "አላህ ይስጥሽ" አሉና ሽሮውን ብቻ በሉ። በማግስቱም ሽሮ፣ በሦስተኛውም ቀን ሽሮ።

ፋሻው ከተነሳ በኋላ በየሰዓቱ የዓይን ጠብታ የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ጸጥ ብለው ይጠብቁኛል። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ጥቁር መነጽር ነጭ ቆባቸው ሥር ሲደረግ የከተማ ባለሀብት ያስመስላቸዋል፤ የጎረቤት ልጆች እያዩ ይስቃሉ። ከዚያ በተረፈ ይሰግዳሉ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የጦሳን ተራራ ጉም ያያሉ። አገራቸው ሞቃት ነው፤ የደሴ ብርድ አጥንታቸው ገብቶ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል "ወዴት ነሽ?" አሉኝ። ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ደነገጥኩ።

"አይጠየፍ አዳራሽ ነው የምሄደው፣ አባባ።"

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተም። የድሮ የንጉሥ ግብር ቤት ነው። ለማየት ነው።"

"አይተሽው አታውቂም?"

"ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ።"

ቆብ የደፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ። "እኔ አላየሁትም" አሉ። "ደሴ ስንት ጊዜ መጥቻለሁ፤ እህል በረንዳና ሐኪም ቤት ነው የማውቀው።"

በባጃጅ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጨለም ስለሚል አልከለከልኳቸውም። የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው፦ ንጉሡ እንዳሠሩት፣ ድሃ ከሀብታም ሳይለይ እንዲበላበት ታስቦ 'አይጠየፍ' እንደተባለ። እየሰሙኝ ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ጠጋ ብለው አሸተቱት።

"ምን እንጨት ነው?" አልኳቸው።

"ሽታው ሄዷል። እንጃ።" መዳፋቸውን አነሱና "እስላሙስ? እስላሙም ይበላበት ነበር?" አሉ።

የሁለቱም ሥጋ ለየብቻ ይታረድ እንደነበር ሽማግሌዎች እንደነገሩኝ ነገርኳቸው። "ለየብቻ ታርዶ ባንድ ጣራ ሥር" አሉ። ከዚያ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጥያቄው መጣ፤ ጣሪያው እንዴት ተጫነ፣ እንጨቱ ከየት መጣ፣ ዝናብ ሲጥል ሰው የት ይቆም ነበር። ግማሹን አላውቀውም። "እጠይቅልዎታለሁ" አልኩ። ያን ቀን ምሳ ላይ ሥጋውን አነሱ። ባለቤቴ ዓይኑን ወደኔ ሰረቅ አደረገ፤ እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ሲደርስ ከኔ በፊት ለብሰው የሚጠብቁኝ እሳቸው ሆኑ። ያደግኩበትንም የድንጋይ ቤት ከውጭ አሳየኋቸው፤ ሰገነቱ ሥር አሁን የሞባይል መሸጫ ተከፍቶበታል። የድሮ መስጊድ ሄደን እሳቸው ሰግደው እስኪወጡ ውጭ ጠበቅኳቸው። በየሄድንበት ከሰው ጋር ወሬ ይጀምራሉ፤ ቆላ ውስጥ ቃላቸው አጭር የተባሉት ሰው እዚህ ከማያውቁት ሽማግሌ ጋር ቆመው ይውላሉ።

ሁለተኛው ዓይን ተሠርቶ ሐኪሙ "አሁን ደህና ነዎት" ሲላቸው ሐይቅ እንሂድ አልኳቸው። ሐይቅ ከተማው ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ ሐይቁ ውስጥ ገባ ባለ መሬት ላይ ያለው ገዳም ግን ከጥንት ጀምሮ ሴት አይገባበትም። እኔ ይህን አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ሄጄ የሴቶች ወሰን ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ለአማቴ ግን አልነገርኳቸውም ነበር፤ ሐይቁን ብናይ ይበቃናል ብዬ ነው።

በሚኒባስ ሄድን፤ ከከተማው ወደ ውሃው በእግራችን ወረድን። ቀኑ ጠርቶ ውሃው ያበራል። አማቴ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ስደርስ ቆምኩ።

"ምነው? ደከመሽ?"

"ከዚህ ወዲያ ለሴት አይፈቀድም፣ አባባ።"

"ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ሥርዓቱ ነው።"

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩኝ። "አይፈቀድልሽም፤ ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?"

"እንጃ። እዚህ ድረስ መምጣቱም ደስ ይለኛል። ውስጡ በጣም የድሮ የብራና መጻሕፍት አሉ ይባላል። ሰው የነገረኝን እሰማለሁ።"

አንድ ጊዜ ወደ ገዳሙ በር፣ አንድ ጊዜ ወደኔ አዩ። ኩታቸውን አስተካከሉና "እኔን ያስገቡኛል?" አሉ።

"እንግዳ ይጎበኛል፤ ይጠይቋቸው። ግን አባባ፣ ይከብድዎታል ብዬ ነው..."

"ምን ይከብደኛል! አንች ተቀመጭ። ምን ልይልሽ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ምን እንደማስቀድም ጠፋኝ። "መጻሕፍቱን፤ ሥዕሉንም። ያገኙትን ሁሉ" አልኩ። ቆባቸውን አጠበቁና ሄዱ። በሩ ላይ አንድ መነኩሴ ሲያናግራቸው ከሩቅ አየሁ። ሁለቱም ጎንበስ ቀና ሲባባሉ፣ ከዚያ አማቴ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ከዚያ ሲገቡ።

እዚያ ዛፍ ሥር ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ስጋት ገባኝ። ገበሬ ናቸው፣ እስላም ናቸው፤ ቅር የሚላቸው ነገር ቢገጥማቸውስ? እሳቸውስ ሳያውቁ አንድ ነገር ቢናገሩና ቢያስቀይሙ? ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ምን ይለኛል? ልጠራቸው አልችል፣ ልከተላቸው አልችል። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ደግሞ ቆሜ።

ሲመጡ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ እርምጃቸው እንደ ጎረምሳ ነው። ገና ሳይደርሱ ማውራት ጀመሩ።

"ቀዩ! አንች ልጅ፣ ቀዩ አሁንም ቀይ ነው!"

"የቱ ቀይ፣ አባባ?"

"የመጽሐፉ ነዋ። ቆዳ ነው መጽሐፉ፤ የፍየል ይሁን የበግ አልጠየቅሁም። ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል አለኝ፤ ቀለሙን ግን ትናንት የቀቡት ነው የሚመስለው። ሰማያዊም አለው። ወላሂ፣ ሰማያዊ ምን እንደሚመስል ረስቸው ነበር። ሁሉም ነገር እኮ እንደ አመድ ነበር የሚታየኝ።"

ዛፉ ሥር ተቀመጡ። እንዳይደክማቸው ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠርሙሱን ይዘው መጠጣቱን ረሱት። ስለ ሥዕሉ ስጠይቃቸው ሳቁ። "ሰው ተስሎበታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ማየት ይፈቀዳል አይፈቀድም ብዬ አመነታሁ። ኋላ ቀለሙን ነው የማየው አልኩና አየሁት። ዓይኑን ሲስሉት ትልቅ አድርገው ነው፤ ምነው ዓይናቸውን እንዲህ አተለቁት?"

"ልማዱ ነው። የቅዱሳን ዓይን እንደዚያ ነው የሚሳለው።"

"ማሻ አላህ። የሚያይ ሰው ነው ማለት ነው።"

ከዚያ ያዩትን ሁሉ ያለ ቅደም ተከተል ነገሩኝ፦ ከበሮ፣ ሰው ብቻውን የማያነሳው የሸክላ ጋን፣ የድንጋይ መስቀል፣ ግቢው ውስጥ እሳቸው አገር የሌለ ዛፍ። መነኩሴው 'ጫማዎን ያውልቁ' ሲላቸው 'ያንንስ እኛም እናውቀዋለን' ብለውት እንደሳቁ። የመነኩሴው አገር ከሳቸው ቆላ ማዶ ሆኖ ተገኝቶ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች እንዳወሩ። እየነገሩኝ ሳለ፣ ልብ ሳይሉት፣ "'ብቻዎን ነው የመጡት?' ሲለኝ 'ኧረ ከልጄ ጋር ነኝ፤ ልጄ ዛፉ ሥር ተቀምጣለች፣ ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለሷ ነው' አልኩት" አሉ።

ቀጥለው ስለ ጋኑ ማውራት ጀመሩ። እኔ ስለ ጋኑ ያሉትን አልሰማሁም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። "ምነው ዝም አልሽ?" ሲሉኝ "ፀሐዩ ነው፣ አባባ" አልኳቸው። "መነጽሬን አድርጊያ" ብለው አቀበሉኝ። አደረግሁት። በዚያ መነጽር ወደ ደሴ ተመለስን፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየኝ።

አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ባለቤቴ በራሱ መኪና ሊያደርሳቸው፣ እኔም ልሸኛቸው ተነሳን። የደሴን ቁልቁለት ስትወርድ አየሩ በየኩርባው ይለወጣል፤ ከላይ ጃኬት ለብሰን ተነስተን ኮምቦልቻ ስንደርስ መስኮቱን ከፈትን። የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ተለዋውጠው መንገዱን ሞልተውት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አለት ላይ የተቀረጸ የጥንት አንበሳ እንዳለ ያውቁ እንደሆነ አማቴን ጠየቅኳቸው።

"አውቀዋለሁ። አያቴ ሰው የሚበላ አንበሳ ነበር፣ አንድ ሼህ ዱዓ አድርገው ድንጋይ አደረጉት ይሉ ነበር። አንች ምን ትያለሽ?"

"የተማሩት ሰዎች እስልምና ከመምጣቱ በፊት ሳይቀረጽ አልቀረም ይላሉ።"

"ይሆናል" አሉ። ባለቤቴ "እንግዲህ ድንጋይ ጠያቂዎቹ ሁለት ሆናችሁ" ብሎ እየሳቀ መኪናውን አቆመልን። አንበሳው ከአለቱ ፊቱንና እግሮቹን አውጥቶ የቆመ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ፊቱን አለስልሰውታል። አማቴ ዙሪያውን ዞሩት። እግሩን እያዩ "የሠራው ሰው አንበሳ አይቶ ይሆን? ወይስ እንደኔ ሲወራ ሰምቶ ነው?" አሉ። ሦስታችንም እዚያው ቆመን ተከራከርን፤ ባለቤቴ እንኳ ገባበት።

ከወራት በኋላ ስልክ ደወሉ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለኔ። ከሰላምታው አስቀድመው "ነይልኝ፤ ጉዳይ አለ" አሉኝ። ባገባሁ ጊዜ ያልተጠራሁበት አገር ነው። እሁድ ባለቤቴ ወሰደኝ።

ጉዳዩ መስጊዳቸው ነበር። ኮረብታው አናት ላይ ያለ ትንሽ የድንጋይ መስጊድ ነው፤ ምሰሶዎቹ ከዘመን ብዛት ጠቁረዋል፣ ጣሪያው በፊት ሣር ኖሮ ኋላ ቆርቆሮ ሆኗል። የመንደሩ ሰው አዋጥቶ በብሎኬት አዲስ ሊሠራ፣ አሮጌውን ሊያፈርሰው ወስኗል። አማቴ 'አይፈርስም' ብለው ብቻቸውን ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። አንዱ ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደኔ ዞረው "ወላሂ ልጄ፣ እኒህ ሰውዬ ዓይናቸው ከተገለጠ ወዲህ አላስቀምጥ አሉን፤ ጣራው እኮ ያፈሳል!" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ያፈሳል፣ ሰውም በዝቶ አይበቃውም።

አማቴ አልተቆጡም። "አዲሱ ይሠራ፤ እኔም አዋጣለሁ። ይሄን ማን እንደሠራው ግን ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?" አሉ። አንዱ አንድ ስም አነሳ፣ ሌላው 'አይደለም፣ የሱ አባት ናቸው' አለ፣ ሦስተኛው ድንጋዩ በሴቶች ጀርባ ከወንዝ እንደመጣ ከእናቱ መስማቱን ተናገረ። ክርክሩ ወደ ወሬ ተለወጠ፤ ወሬው ረዘመ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስሰማ ዋልኩ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፦ አዲሱ ከጎን ይሠራል፤ አሮጌው ጣራው ተጠግኖ ልጆች ቁርኣን እየቀሩ ይማሩበታል።

ጎን ለጎን ለመሥራት ቦታው መብቃቱን ማየት ያስፈልግ ነበር። የሚለካበት ጠፋ። ቦርሳዬ ውስጥ የስፌት ሜትሬ አለ፤ ለልብስ እንጂ ለግድግዳ ያልተሠራ፣ አጭር ነገር። አወጣሁት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አማቴ ግን አንዱን ጫፍ ተቀብለው ድንጋዩ ላይ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙልኝ፤ እኔ ሌላውን ይዤ ሄድኩ። በደረስኩበት በጠመኔ ምልክት እናደርግና እንደገና እንጀምራለን።

"ላላ ብሏል" አሉኝ ከወዲያ ጫፍ፣ ዓይናቸውን አጥብበው። "ወጥሪው። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።"